ቤቱን ማሞቅ ወይስ ዘሩን?

በወይና ደጋና በደጋ ምድር በመስኖ ቲማቲም ለሚያለማ ሰው ዓመቱ ከሁለት ወገን ይጠብበታል። በአንድ በኩል ውርጭ አለ፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ባረፈበት ሌሊት ሁሉ ያሰጋል። በሌላ በኩል ክረምት አለ፤ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ቅጠሉን እያረጠበ የምች በሽታን ያመጣል። ቲማቲም ማሳ ላይ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያው ፍሬ እስኪለቀም ከ70 እስከ 80 ቀን ይወስዳል፤ ቀዝቃዛ ስፍራ ላይ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። የካቲት መባቻ ላይ የተተከለ ችግኝ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ፍሬ መስጠት ይጀምርና ዝናቡ ሳይጠና ለቀማው ይገባደዳል። መጋቢት መጨረሻ የተተከለው ግን ለገበያ የሚደርሰው ሰኔ አጋማሽ፣ ልክ በሽታው በሚነሣበት ጊዜ ነው።

ወደ ኋላ እንቁጠር። የቲማቲም ችግኝ ለመተከል እስኪደርስ አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ቃሪያ ሰባት ወይም ስምንት። ለየካቲት መባቻ የሚታሰብ ቲማቲም በታኅሣሥ አጋማሽና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ይዘራል፣ ቃሪያው ደግሞ ታኅሣሥ እንደገባ። ይህ ሌሊቱ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የሚቀዘቅዝበት ወቅት ነው። በደብረ ብርሃን፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለው ከፍታ፣ በታኅሣሥ ንጋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ መገኘቱ ለነዋሪው አዲስ ነገር አይደለም። ዝቅ ብሎ በሆለታ፣ በሰንዳፋና በቢሾፍቱ ዙሪያም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ዘሩ በላስቲክ ቤት ውስጥ ይዘራል። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ሲመሽ ነው፤ የላስቲክ ቤቱ በሌሊት ይሙቅ ወይስ ባለበት ይደር?

ይሙቅ የሚሉት የሚነሡበት ነጥብ ጠንካራ ነው። ዘር ለመብቀል የሚፈጅበት ጊዜ በአፈሩ ሙቀት ይወሰናል፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተዘጋጀውና እስከ ዛሬ አትክልት አብቃዮች የሚመሩበት ሠንጠረዥ ይህን በግልጽ ያሳያል። አፈሩ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ቲማቲም በ6 ቀን ብቅ ይላል። በ20 ዲግሪ 8 ቀን፣ በ15 ዲግሪ 14 ቀን ይፈጅበታል። በ10 ዲግሪ ግን 43 ቀን ይቆያል። ቃሪያ ከዚህም የባሰ ብርድ አይችልም፤ በ25 ዲግሪ በ8 ቀን የሚበቅለው ዘር በ15 ዲግሪ 25 ቀን ይወስዳል፣ በ10 ዲግሪ ጨርሶ አይወጣም። የስድስት ሳምንት ችግኝ ለማድረስ ያሰበ ሰው ዘሩ ገና አፈር ውስጥ ሳለ ሁለትና ሦስት ሳምንት ካለቀበት፣ ቀድሞ መዝራቱ ምን ጠቀመው?

የቀኑ መርዘም ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቀደም ብሎ በመዝራት ይካስ ነበር። ይበልጥ የሚጎዳው አበቃቀሉ መዘበራረቁ ነው። በብርድ አፈር ውስጥ አንዱ ዘር ዛሬ፣ ሌላው ከሳምንት በኋላ ይወጣል፣ ሦስተኛው እዚያው ይበሰብሳል። በአንድ ትሪ ውስጥ አራት ቅጠል ያወጣና ገና ቀና ያለ ችግኝ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ለአንዱ የሚስማማው ውኃ ለሌላው ይበዛበታል። ዛሬ ብዙ አምራች የሚዘራው ዲቃላ ዘር ነው፤ ይህ ዘር ደግሞ በፍሬ ተቆጥሮ ይሸጣል። ከመቶ ዘር ሠላሳው ሲቀር ገበሬው የሚያጣውን ገንዘብ አስቀድሞ ያውቀዋል። ችግኝ አፍልቶ ለሌላ የሚሸጥ ሰው ሥጋት ከዚህም ይከብዳል፤ «የካቲት 5 ቀን አስረክባለሁ» ብሎ ቀብድ ተቀብሏልና የሰማዩን ጠባይ ምክንያት አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም።

ከበቀለም በኋላ የብርዱ ጣጣ አያበቃም። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስ መውሰድ ያቅተዋል፤ የቲማቲም ቅጠል ከሥሩ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ማዳበሪያ የጎደለው የሚመስለው ገበሬ ኤንፒኤስ አሟሙቶ ያጠጣዋል። ንጥረ ነገሩ ግን ቀድሞም አፈሩ ውስጥ ነበረ፤ የጎደለው ሥሩ የሚሠራበት ሙቀት ነው። የተጨመረው ጨው ደግሞ ለስላሳውን ሥር ያቃጥላል። ይህን ስሕተት አምራቾች ሲደጋግሙት ስለማይ፣ ሙቀት ይጨመር የሚሉትን ሰዎች «ቅንጦት ፈላጊ» ብሎ ማለፉ ተገቢ አይመስለኝም።

ሌላም ክርክር አላቸው፤ እሱን በተለይ ማድመጥ ያስፈልጋል። ሙቀት ሲጨመር የአየሩ እርጥበት ይቀንሳል። የታኅሣሥ ላስቲክ ቤት ማለዳ ላይ ሲገቡበት ጣሪያው ጠብታ አዝሎ ይገኛል፤ ጠብታው ችግኙ ላይ ይወርዳል፣ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ግራጫ ሻጋታና ሌሎች የቅጠል በሽታዎች ይገባሉ። በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው የኦሰሪያን የአበባ እርሻ ከከርሰ ምድር በሚወጣ እንፋሎት ቤቶቹን ያሞቅ የነበረው ጽጌረዳውን ከብርድ ለመጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ የሌሊቱን እርጥበት አድርቆ ሻጋታን ለመከላከልም ጭምር ነው። እኛም ዘንድ አሉቶ ላንጋኖን የመሰለ የከርሰ ምድር እንፋሎት ምንጭ ከባቱ የአትክልት እርሻዎች ሩቅ አይደለም። የሚያሳዝነው፣ ሙቀቱ ያለው ብርዱ በማይጠናበት ስምጥ ሸለቆ ነው።

ባለበት ይደር የሚሉትስ? የእነሱ የመጀመሪያ መልስ ሒሳብ ነው፤ አብረን እናስላው። ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ቀስት ጣሪያ ላስቲክ ቤት ወለሉ 100 ካሬ ሜትር ነው፤ የላስቲኩ ስፋት ግን ከነፊትና ከነጀርባው 175 ካሬ ሜትር ይደርሳል። አንድ ደረብ ፖሊኢታይሊን ውስጡ ከውጭው በአንድ ዲግሪ በበለጠ ቁጥር በየካሬ ሜትሩ 6 ወይም 7 ዋት ያህል ሙቀት ያፈስሳል። ውጭው 6 ዲግሪ ሆኖ ውስጡን 16 ላይ ለማቆየት 11 ኪሎዋት ገደማ ያለማቋረጥ መስጠት ያስፈልጋል፤ በአሥር ሰዓት ሌሊት ከ110 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። ይህን በማገዶ እናድርገው ቢባል፣ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይዟል፤ ግማሹ በጭስ ማውጫው ቢወጣ በየሌሊቱ ከ55 ኪሎ በላይ ይነድዳል። ለአርባ ሌሊት 23 ኩንታል እንጨት መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ለአንዲት ትንሽ ቤት ነው። በደን መመናመን በተጎዳ ደጋ ላይ፣ ኩበት እንኳ ከማሳ ተለቅሞ ምድጃ በሚገባበት አገር፣ ይህን ያህል ማገዶ ሰማይ ለማሞቅ ማፍሰስ ለእኔም ከባድ ነው።

ወጪውን ትተን ወደ አደጋው እንምጣ። ብርዱ ሲጠና ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ላስቲክ ቤቱ የሚያስገባ ሰው አለ። የጭስ ማውጫ የሌለው እሳት በተዘጋ ቤት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ሌሊት ችግኙን ለማየት ገብቶ እዚያው የሚያሸልብ ሰው ላይነቃ ይችላል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ኢታይሊን የተባለው ጋዝ ደግሞ በጣም ጥቂት ሆኖ እንኳ የቲማቲምን ቅጠል ወደ ታች ያጥፈዋል፤ ቲማቲም ለዚህ ጋዝ እጅግ ስሜታዊ ከሆኑት ተክሎች አንዱ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ሚዛን የሚያስፈልገው ነገር የለም። ክፍት ከሰል ወደ ችግኝ ቤት መግባት የለበትም።

ሦስተኛው መከራከሪያቸው ስለ ችግኙ ጠባይ ነው፤ ሙቀት ውስጥ ያደገ ችግኝ ይመነምናል፣ ቁመቱ ይረዝማል፣ ማሳ ሲገባ ይልፈሰፈሳል፣ ብርድ ያየ ግን ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል ይላሉ። በዚህ ላይ በሙሉ ልብ አልስማማም፤ ምክንያቱንም ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ይህ አባባል በአውሮፓ መጻሕፍት በሰፊው ይገኛል፤ እዚያ ደግሞ እውነት ነው። በእንግሊዝ ወይም በኔዘርላንድ በጥር ወር የሚዘራ ቲማቲም ቀኑ አጭር፣ ሰማዩ ደመና ነው፤ ሙቀት ሰጥተውት ብርሃን ሲያጣ ወደ ላይ ይመዝዛል። የእኛ ታኅሣሥ ግን በጋ ነው። ቀኑ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ነው፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው፣ ደመና የለም። የብርሃን እጥረት የሚኖረው ትሪው ተጠጋግቶ ሲታጨቅ ወይም ላስቲኩ በአቧራ ሲጨልም ነው። ስለዚህ የምዕራባውያኑን ፍርሃት እንዳለ ወስደን የራሳችን ሕግ ማድረጉ አያዛልቀንም።

ከዚያም በላይ ደግሞ የአገዳን ርዝመት የሚወስነው የሌሊቱ ሙቀት ለብቻው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአበባ ተክሎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት ልዩነት በሰፋ መጠን አገዳው እንደሚረዝም አሳይተዋል፤ ቲማቲምም ለዚህ ልዩነት ምላሽ ከሚሰጡት መካከል ነው። አሁን በደጋ ላይ ያለውን ዝግ ላስቲክ ቤት እናስበው። እኩለ ቀን ላይ ውስጡ 38 ዲግሪ ይደርሳል፣ ንጋት ላይ 8 ይወርዳል። ልዩነቱ 30 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ችግኝ ብርድ ጠገብ ቢሆንም ይመዝዛል። የሚያሳጥረው ቀኑን ማቀዝቀዝ፣ ወይም ሌሊቱን ማሞቅ፣ ወይም ሁለቱንም ነው። «ብርድ ያጠነክራል» የሚለው ወገን ትክክል የሚሆነው ብርዱ ጎህ ሲቀድ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲገባና ቀኑም ለዘብ ሲል ነው። ቃሪያ ላይ ግን ይህንንም ቢሆን ከ12 ዲግሪ በታች አልሞክረውም።

ለብርድ ደጋፊዎች የምሰጠው አንድ ትልቅ ነጥብ አለ። የቲማቲም ችግኝ ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎቹ እንደተዘረጉ ከ10 ቀን እስከ ሦስት ሳምንት በ11 እና በ13 ዲግሪ መካከል ቢያድር፣ የመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ አበባውም ይበዛል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ቀድሞ ገበያ ለመድረስ የሚጥር ሰው የመጀመሪያዋን ዘለላ የሚያህል የሚያሳሳው የለም። ነገር ግን መጠኑ ጠባብ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች የቆየ ችግኝ የሚያፈራው የመጀመሪያ ፍሬ የተሸበሸበ፣ የተሰነጠቀ፣ ታችኛው ጫፉ የተጣመመ ይሆናል። አበባው የሚዘጋጀው ችግኙ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲይዝ ነውና፣ ገበሬው በሚያዝያ ገበያ ላይ «ሸካራ» ተብሎ የሚወረድበት ፍሬ ጥር ላይ በትሪ ውስጥ የተበላሸ ነው።

ሁለቱም ወገኖች ስለ ሌሊቱ ሲሟገቱ ቀኑን ይረሱታል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ችግኝ የሚያጠፋው እሱ ነው። የበጋ ፀሐይ በከፍታ ላይ ብርቱ ስለሆነ የተዘጋ ላስቲክ ቤት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይፋጃል፤ ቀትር ላይ 40ን ያልፋል። ሌሊት እንዳይበርደው ተብሎ ጎኑ ተጠቅልሎ የተዘጋ ቤት ማንም ሳያስታውሰው እስከ 5 ሰዓት ተዘግቶ ይቆያል። የቲማቲም ዘር ከ35 ዲግሪ በላይ ባለ አፈር ውስጥ መብቀሉ ክፉኛ ይቀንሳል። ሰላጣ ደግሞ 30ን ሲያልፍ ዘሩ ራሱ ይተኛል፤ ሌሊት ቢቀዘቅዝለት እንኳ ወዲያው አይነቃም። የትሪው ጉድጓድ ትንሽ ነው፣ የያዘው ውኃ በሁለት ሰዓት ያልቃል። በዚያ ላይ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ የችግኙን አንገት አበስብሶ የሚጥለው ሻጋታ ይሠራጫል፤ ማታ ቆሞ የታየው ችግኝ ጠዋት ተኝቶ ይገኛል፣ ገበሬውም «ብርድ መታው» ይላል።

መፍትሔው በአፍ ቀላል ነው። የጎንና የራስ መስኮቱ ስፋት ከወለሉ ቢያንስ አንድ አምስተኛ ይሁን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ ይከፈት፣ ጣሪያው ላይ ስስ ኖራ ይቀባ ወይም የጥላ መረብ ይዘርጋበት። በሥራ ላይ ግን አንድ እውነተኛ አጣብቂኝ አለ። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ አገራችን ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነጭ ዝንብም ቫይረስ ይዞ ይመጣል። እነዚህን ለመከላከል መስኮቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይወጠራል። መረቡ ነፍሳቱን ሲያግድ ነፋሱንም ያግዳል፣ ቤቱ ይበልጥ ይሞቃል። መረቡ ይነሣ አልልም፤ መረብ ያለው መስኮት ግን ከሌለው በእጥፍ ሊሰፋ ይገባዋል።

መስኮቱ መቼ ይዘጋ የሚለውም ሁለት መልስ አለው። ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት የዘጋ ሰው የቀኑን ሙቀት በአፈሩና በውኃው ውስጥ ይዞ ያድራል። በ11 ሰዓት የዘጋው ሙቀቱን ያጣል፣ እርጥበቱን ግን ያስወጣል። ዘሩ ገና ካልበቀለ በ9 ሰዓት መዝጋትን እመርጣለሁ፤ ቅጠል ከበዛ በኋላ ዘግየት ማለት ይሻላል።

ስለ ላስቲኩ አንድ ነገር ልጨምር። ተራ ፖሊኢታይሊን የፀሐይን ብርሃን ሲያስገባ ከአፈሩ ተነሥቶ ወደ ሰማይ የሚሄደውን የማይታይ ጨረርም እንዲሁ ያሳልፋል። ስለዚህ ጥርት ባለ ሌሊት ያልሞቀ ላስቲክ ቤት ከውጭው የሚበልጠው በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ነው፤ ነፋስ ፍጹም ሲጠፋ ከውጭው በታች የሚወርድበት ጊዜም አለ። «ላስቲክ ቤት አለኝ፣ ውርጭ አይነካኝም» ማለት አደገኛ እምነት ነው። በትሪዎቹ ላይ ዝቅ ያለ ሁለተኛ ላስቲክ ወይም ስስ የእርሻ ጨርቅ ሌሊት ሌሊት ማልበስ ሁለት፣ ሦስት ዲግሪ ይጨምራል። ሰሌን ከሆነ ደግሞ ጨረሩንም ስለሚያግድ የተሻለ ነው፤ የፓሪስ አትክልተኞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመስታወት ክዳኖቻቸው ላይ የገለባ ምንጣፍ ያነጥፉ የነበረው ለዚሁ ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ውኃ ሞልቶ፣ ጥቁር ቀብቶ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ በኩል ማቆምም ይቻላል። አንዱ በርሜል ከ25 ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። አሥር በርሜል ቀደም ሲል ካሰላነው የአንድ ሌሊት ፍላጎት አንድ አምስተኛውን ይሸፍናል፤ ቦታ ይይዛል እንጂ ማገዶ አይበላም።

ታዲያ ዘሩ በ25 ዲግሪ እንዲበቅል ሙሉ ቤት ማሞቅ ያስፈልጋል? እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። ለጠላ ብቅል የምታበቅል እናት ገብሱን ዘፍዝፋ፣ ውኃውን አጥላ፣ በቅጠል ጠቅልላ ሞቅ ያለ ጥግ ታስቀምጠዋለች። ጎጆውን በሙሉ አታሞቅም። የአትክልት ዘርም እስኪጎነቁል ድረስ ብርሃን አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው ሙቀትና እርጥበት ነው፣ ያም ለጥቂት ቀን። (ሰላጣን ከዚህ አወጣለሁ፤ ብርሃን የሚሻ ዝርያ አለውና።) ስለዚህ ትሪው ተዘርቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ በትንሽ የማብቀያ ክፍል ውስጥ ተደራርቦ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ቢቆይ፣ ቲማቲም በአራት ወይም በአምስት ቀን የመጀመሪያ አንገቱን ያሳያል። በዚያው ዕለት ወደ ላስቲክ ቤቱ ይወጣል።

የዚህን ዋጋ እናነጻጽር። በአንድ ሄክታር መሬት፣ በመስመር መካከል 1 ሜትር በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ከተተከለ፣ 33 ሺህ ያህል የቲማቲም ችግኝ ይገባል። ይህ ባለ 128 ጉድጓድ ትሪ 260 ገደማ ነው። እነዚህ መሬት ላይ ቢዘረጉ ወደ 40 ካሬ ሜትር ይይዛሉ፤ በመደርደሪያ ቢደራረቡ ግን ቁመቱም ወርዱም ሁለት ሁለት ሜትር የሆነች ክፍል ትበቃቸዋለች። ግድግዳዋ 5 ሴንቲ ሜትር ፎም ቢለብስ፣ ትሪውን ለማሞቅ የሚያስፈልገው ተጨምሮ አምስቱ ቀን በ40 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያልፋል። ሙሉ ቤቱን ለማሞቅ በአንድ ሌሊት ብቻ ከ110 በላይ እንደሚያስፈልግ አይተናል። ዘሩን ማሞቅና ቤቱን ማሞቅ እንዲህ የተራራቁ ናቸው።

ይህን መንገድ የሚነቅፉት ሰዎች ያላቸው ቅሬታም ተገቢ ነው። የማብቀያ ክፍል ንቃት ይፈልጋል። ከጎነቆለ በኋላ ግማሽ ቀን ብቻ ዘግይቶ የወጣ ትሪ በጨለማ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይመዝዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስተካክለው የለም። መብራት ቢቋረጥ ክፍሉ ፎም ስላለው ለሰዓታት ይታገሣል፤ ቀን ሙሉ ከጠፋ ግን ዘሩ ይዘገያል። ከዚያም ትልቁ ነጥብ፣ ከ26 ዲግሪ ወጥቶ 8 ዲግሪ ባለበት ቤት የሚያድር ችግኝ ይደነግጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት በልባሱ ሥር ማሳደር ግዴታ ነው። ለቲማቲም ይህ ይበቃል፣ ምክንያቱም የትሪው አፈር ቀን ስለሚሞቅ አማካዩ ሙቀት ከንጋቱ ንባብ በጣም ይበልጣል። ለቃሪያ ግን በ2,400 ሜትር ላይ አይበቃም።

ስለዚህ ቃሪያ በደጋ ላይ፣ ለሽያጭ፣ በቀን ቀጠሮ የሚያፈላ ሰው ከትሪው ሥር የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የሞቀ ውኃ ቱቦ ማስገባቱ ያዋጣዋል፤ የሚሞቀው አልጋው ብቻ ነው፣ አየሩ እንዳለ ይቀራል። ሥሩ በ18 ዲግሪ ሲቆይ ቅጠሉ 12 ዲግሪን ይችላል። በጋሪ ፈረሶች የታወቁ ከተሞቻችን ደግሞ ሌላ ምንጭ አላቸው። ትኩስ የፈረስ ፋንድያ ከገለባ ጋር ተደባልቆ በ60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢከመር ለሳምንታት ይሞቃል፤ መጀመሪያ በጣም ስለሚግል ለስለስ እስኪል ሳምንት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ካለቀ በኋላ ፋንድያው ማዳበሪያ ሆኖ ማሳ ይገባል፤ ምድጃ ከገባው ኩበት የሚለየው በዚህ ነው።

ጥቅል ጎመን፣ የሀበሻ ጎመን፣ ሽንኩርትና ሰላጣ በዚህ ክርክር ውስጥ ባይገቡ ይሻላል። ጥቅል ጎመን በ15 ዲግሪ በ9 ቀን ይወጣል፣ ሽንኩርት በ7 ቀን፣ ሰላጣ በ4 ቀን። እነሱን ለማሞቅ የሚወጣ ብር ከንቱ ነው። ብቻ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት ቀድመው ተዘርተው አገዳቸው ከወፈረ በኋላ ለሳምንታት ከ10 ዲግሪ በታች ቢቆዩ ራስ ከመቋጠር ፈንታ አበባ ያወጣሉና፣ እነዚህን ከሚገባው በላይ አስቀድሞ መዝራት ራሱ ጉዳት አለው።

ሁሉም ነገር በቴርሞሜትር ይጀመራል፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መዝግቦ የሚይዝ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የራሱን ግለት ይናገራል እንጂ የአየሩን አይደለም። ጥላ ውስጥ፣ በችግኙ ቁመት ልክ ይሁን፤ ሌላ አንድ ደግሞ በትሪው አፈር ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይግባ። በግምት «በርዶታል» ወይም «ሞቆታል» እያሉ ከሚሟገቱት ብዙዎቹ ይህን ንባብ ለአንድ ሳምንት ቢይዙ ክርክራቸው በግማሽ ይቀንስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት የመጨረሻ ሳምንት አለ። ችግኙ ማሳ ከመግባቱ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ውኃው ይቀነሳል፣ ጎኑ ቀንና ሌሊት ይከፈታል፤ የሚዘጋው ውርጭ የሚያሰጋ ሲሆን ብቻ ነው። ከሥሩ ሙቀት ያገኘ ችግኝ ይህን ማለማመድ ረዘም አድርጎ ይፈልጋል። ማሳው ላይ ደግሞ ጠዋት በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር 15 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ቲማቲም ባይተከል ይመረጣል። የካቲት 1 ቀን አፈሩ ገና 12 ከሆነ ችግኙ በትሪው አንድ ሳምንት ይጠብቅ። ይህን ሳምንት ሥሩ ሳይጣመም እንዲያልፍ ከፈለጉ፣ ዘሩ ሲዘራ ባለ 200 ጉድጓዱን ትተው ሰፋ ያለ ጉድጓድ ያለውን ባለ 128 ትሪ ቢመርጡ ይሻላል።